ዋሻው ውስጥ ምን አለ?

(ለዩኒቨርሲቲ ሙስሊም ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የግቢው ሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ ሲጋብዘኝ «ተማሪው ቁርአን እንዲቀራ አነሳሳልን» ነበር ያለኝ። ስመጣ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ግቢ ውስጥ ኳስ አለ። የሚድ ፈተና ቀርቧል። ይህን ሁሉ ትቶ እዚህ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ቁርአን መቅራት ጥሩ መሆኑን ከኔ መስማት አያስፈልገውም። አንድ ፊደል ዐሥር ምንዳ እንዳለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ እሱን ልዝለለውና ያፈርኩበትን አንድ ቀን ላውራችሁ።

ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን። እኔ ላይኛው አልጋ፣ ከኔ በታች ደግሞ አንድ የጎጃም ልጅ። ዲያቆን ነው። ጥሩ ጓደኛዬ ነበር፤ አሁንም ነው። እኔ በየጁምዓው ጠዋት ሱረቱል ከህፍን እቀራለሁ። ያስለመደችኝ አያቴ ናት። «ጁምዓ ያለ ከህፍ እንዳያልፍህ» ትለኝ ነበር። ድምፄም አይከፋም ይባላል። አንድ ጁምዓ ቀርቼ ጨርሼ ሙስሐፉን ስዘጋ ጓደኛዬ ከታች አንገቱን ብቅ አደረገና «ደስ ይላል እኮ። ስለ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ስለ ዋሻ» አልኩት። ከህፍ ማለት ዋሻ መሆኑን አውቃለሁ።

«ዋሻው ውስጥ ምን አለ?»

ትንሽ ዝም አልኩና «ሰዎች ያሉ መሰለኝ» አልኩት።

መሰለኝ! ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ በየሳምንቱ የቀራሁት ሱራ ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለነበርኩ አስልቼዋለሁ፤ ከ500 ጊዜ በላይ ነው። 500 ጊዜ በዋሻው በር ላይ አልፌ አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አላየሁም። እሱ አላሾፈብኝም። «እሺ፣ ስታውቅ ትነግረኛለህ» ብሎ ፎጣውን ይዞ ወደ ሻወር ሄደ። ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት መስጂድ በር ላይ ከሚሸጡት የአማርኛውን ትርጉም ገዛሁ። ሱራውን ሌሊት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጠዋት ላይ በኩራት ለጓደኛዬ ነገርኩት። ወጣቶች ነበሩ፣ ጣኦት አምላኪ ከሆነው ሕዝባቸው ሸሽተው ዋሻ ገቡ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ተኙ አልኩት። ሳልጨርስ አቋረጠኝ። «ውይ! እነዚህማ የኤፌሶን ሰባቱ ልጆች ናቸው። ስንክሳር ላይ አሉ እኮ!» አለ። ዋሻውን ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

እኔ እኮ በሰፈራችን ቋንቋ «ያከተመ»፣ ማለትም ቁርአኑን ቀርቶ የጨረሰ ልጅ ነበርኩ። ወሎ ገጠር ውስጥ ሎህ ይዤ ነው የተማርኩት። ከጥላሸት በተሠራ ቀለም እንጨቱ ላይ እየጻፍን፣ የያዝነውን እያጠብን፣ አዲስ እየጻፍን። በ12 ዓመቴ 30ውን ጁዝእ (የቁርአኑን ክፍሎች) ስጨርስ ቤታችን በግ ታርዷል፣ ዱዓ ተደርጓል፣ መንዙማም ተብሏል። ታዲያ እንዲህ ሆኜ ስለ ዋሻው ስጠየቅ «መሰለኝ» አልኩ።

ጥፋቱ የሸይኾቻችን ነው የሚል ሰው ይኖራል። አይደለም። የእነሱ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ቁርአኑን መቅራት። ከዚያ ፊቅህ፣ ማለትም የሃይማኖቱ ሕግ። ከዚያ ነህውና ሰርፍ፣ ማለትም የዐረብኛው ሰዋስው። ተፍሲር፣ የቁርአኑ ማብራሪያ፣ ከመጨረሻዎቹ ነው። ደረሳው (ተማሪው) ከሸይኽ ወደ ሸይኽ፣ ከአገር ወደ አገር እየዞረ፣ ቆሎ እየቆረጠመ እዚያ ይደርሳል። መንገዱ ልክ ነበር። እኛ ነን የመጀመሪያው ጣቢያ ላይ ወርደን ማትሪክ ልንፈተን የሄድነው። ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም። ፊዚክስ ላይ ዩኒቨርሲቲ ደርሰናል፤ ቁርአን ላይ ግን አራተኛ ክፍል እንዳለን ቀርተናል። ብዙዎቻችን ደግሞ መቅረታችንን እንኳ አናውቅም፤ በግ ታርዷላ!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እናንተ በአገሩ ውስጥ ማንበብን ሥራዬ ብላችሁ የያዛችሁ ሰዎች ናችሁ። 60 ገጽ ሃንድአውት ተሰጥቷችሁ ዋናውን ነገር ነጥላችሁ ታወጣላችሁ። ያልገባችሁን ታሰምሩበታላችሁ። ሲኒየር ትጠይቃላችሁ። አንድ ፎርሙላ ከየት እንደመጣ ሳይገባው የሚቸክለውን ልጅ ታውቁታላችሁ፤ ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝ የት እንደሚወድቅም ታውቃላችሁ። ይህን ሁሉ ችሎታ ይዛችሁ መጥታችሁ መስጂድ ስትገቡ ከጫማችሁ ጋር በር ላይ ትተውታላችሁ። ስትወጡ ደግሞ ከጫማችሁ ጋር አንስታችሁት ትሄዳላችሁ። ለምን?

ለኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ። ቁርአኑ ትልቅ ስለሆነብን ነው። እሱን መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ግን መጽሐፉ ራሱ ምን ይላል? ሱረቱ ሷድ 29ኛው አንቀጽ ላይ መጽሐፉ የወረደው አንቀጾቹን እንዲያስተነትኑና «ኡሉል አልባብ» እንዲገሠጹበት መሆኑን ይናገራል። አልባብ የሉብ ብዙ ቁጥር ነው። ሉብ ደግሞ ልብ ነው፤ እኛ «ልብ ያለው ሰው» ስንል የምናስበው ልብ። ማስተዋልን ማለቴ ነው። መጽሐፉ ባለ ልብ አንባቢ እንደሚፈልግ ራሱ ከተናገረ እኛ ለምን ድምፃችንን ብቻ ይዘን እንቀርባለን?

አንድ ታሪክ ላንሳ። ታውቁታላችሁ፤ ግን በሌላ በኩል እዩልኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ መሰደድ ጀመሩ። የመካዎቹ ቁረይሾች ስደተኞቹን ሊያስመልሱ ሁለት መልእክተኞች ከነስጦታቸው ላኩ። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ስደተኞቹን አስጠራ። ጀዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ሁሉንም ወክሎ ተናገረ። ታሪኩን የነገረችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እዚያው ነበረች። ነጃሺ ነቢዩን ማለቱ ነው፣ «ያ ሰው ከአላህ ዘንድ ካመጣው ያንተ ዘንድ ያለ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀው። ጀዕፈር አዎ አለ። «አንብብልኝ» አለው።

እዚህ ላይ ቁሙ። ጀዕፈር ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነው፤ የናንተ እኩያ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ከፊቱ ንጉሥ አለ። ግራ ቀኙ መጽሐፎቻቸውን የዘረጉ ጳጳሳት አሉ። ከኋላው ሕይወታቸው በእሱ አፍ ላይ ያለ ስደተኞች አሉ። ያኔ በወረደው ቁርአን ውስጥ ብዙ ሱራዎች አሉ። ስለ ጥንቶቹ ሕዝቦች ስለ ዓድና ሰሙድ ጥፋት መቅራት ይችል ነበር። ስለ ጀሀነም መቅራት ይችል ነበር። እሱ ግን «ካፍ ሃ ያ ዐይን ሷድ» ብሎ ሱረቱ መርየምን ጀመረ። የዘከሪያን ዱዓ፣ የየሕያን መወለድ፣ የመርየምን ነገር የያዘችውን ሱራ። ነጃሺ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ። ጳጳሳቱም መጽሐፎቻቸው እስኪርሱ አለቀሱ።

ጀዕፈር ያኔ ያደረገውን ሐፊዝ (ቁርአኑን በቃሉ የያዘ) ብቻ መሆን አያስችልም። የሐፈዘውን አውቆ፣ የሚሰማውንም ሰው አውቆ መምረጥ ነው። ልቡ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሚል ባያውቅ ኖሮ ያን ቀን የትኛውን ያነብ ነበር? እኔ ከዶርም ጓደኛዬ ፊት የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ነጃሺ የጠየቀውን ጥያቄ ነው የጠየቀኝ፤ ያውም ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። እኔ ግን ጀዕፈር አልነበርኩም።

ነጃሺ ከዚያ በኋላ የተናገረው ቃል ደግሞ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተለየ ጣዕም አለው። «ይህና ኢሳ ያመጣው ከአንድ ሚሽካት የሚወጣ ነው» አለ። ሚሽካት የግድግዳ መስኮት ነው፤ መብራት የሚቀመጥበት። ቃሉ ሱረቱ-ን-ኑር 35ኛው አንቀጽ ላይም አለ። ከቀደምት ሙፈሲሮች (የቁርአን ተርጓሚዎች) ውስጥ «ይህ ቃል የሐበሻ ቃል ነው» ያሉ አሉ። ሚሽካት፣ መስኮት። ስትሰሙት አይገባችሁም?

ብቻውን አይደለም። ሱረቱል ሙዘሚል ውስጥ ሌሊት ተነስቶ ስለመስገድ ሲናገር «ናሺአተ-ለይል» ይላል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) «ነሸአ በሐበሻ ቋንቋ ቆመ ማለት ነው» ማለታቸውን ቡኻሪ ጽፈውታል። በግእዙ ተንሥአ፣ በኛ ተነሳ። ሱረቱል ሐዲድ ውስጥ ያለውን «ኪፍለይን»ም አቡ ሙሳ (ረ.ዐ) በሐበሻ ቋንቋ ሁለት ምንዳ ማለት ነው ብለውታል። ክፍል፣ ሁለት ክፍል። የዛሬ የቋንቋ ተመራማሪዎችም ማኢዳን ከማእድ፣ ሐዋሪዩንን ከሐዋርያ ጋር ያያይዙታል። በእርግጥ በዚህ ላይ ዑለማዎች ተከራክረዋል። ኢማሙ ሻፊዒይን የመሰሉት ቁርአን ውስጥ ከዐረብኛ ውጪ የሆነ ቃል የለም ብለዋል። ሌሎች ደግሞ ቃላቱ ከሌላ ቋንቋ መጥተው ዐረብኛ ሆነዋል፣ ቁርአን ሲወርድ የዐረብ ቃላት ነበሩ ይላሉ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ እንተወው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዐረብኛ ለናንተ ቻይንኛ አይደለም። የአጎት ልጅ ነው።

ካላመናችሁኝ አሁኑኑ እንሞክር። ሱረቱል ዐስርን የማይችል አለ? የለም። 14 ቃል ናት። ሰላት ሲቸኩለን የምንቀራት እሷን ነው፤ አትሳቁ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። «ኢነል ኢንሳነ ለፊ ኹስር።» ኹስር ምንድን ነው? መርካቶ ሂዱ። «ዘንድሮ ከሰርኩ»፣ «ኪሳራ በኪሳራ ሆንኩ» ይባላል። ያው ቃል ነው። ሰው ሁሉ በእርግጥ ኪሳራ ውስጥ ነው። ቀጥሎ «ኢለ-ለዚነ አመኑ።» አመኑ! መዝገበ ቃላት ትፈልጋላችሁ? «ወተዋሰው ቢልሐቅ።» ሐቅ፤ «ሐቄን ስጠኝ» የምንለው። «ወተዋሰው ቢሶብር።» ሶብር፤ እናቶቻችን በቀን ዐሥር ጊዜ «ሶብር አድርግ ልጄ» የሚሉት። ከ14ቱ ቃላት ኢንሳንን ጨምራችሁ አምስቱን ሳትማሩ ታውቋቸዋላችሁ። በሕይወታችሁ ስንት ሺህ ጊዜ ቀርታችኋታል? ኪሳራ የሚለው ቃል ትዝ ብሏችሁ ያውቃል?

አሁን ደግሞ ጥያቄ ጠይቁ፤ እንደ ተማሪ። ለምን በዐስር ማለ? ዐስር ዘመን ነው ያሉ አሉ፤ የቀኑ ማብቂያ ነው ያሉም አሉ። ነጋዴ ኪሳራውን የሚያውቀው መቼ ነው? ማታ ሱቁን ሲዘጋ ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተፍሲር ነው ብላችሁ እንዳትይዙት። ግን አያችሁ፣ አንድ ጥያቄ ስትጠይቁ ሱራዋ ትከፈታለች። ኢማሙ ሻፊዒይ ሰዎች ይህችን ሱራ ቢያስተነትኑ ትበቃቸው ነበር ማለታቸው ይጠቀሳል።

እንግዲህ ለናንተ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። አንድ ሴሚስተር፣ አንድ ሱራ።

«ሙሉውን ቁርአን በተፍሲር» የሚል ዕቅድ አይቻለሁ። ራሴም አውጥቻለሁ። ረመዳን ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ቁርአኑ ከ6,200 በላይ አንቀጾች አሉት፤ በሳምንት ዐሥር ብትሉ ከ11 ዓመት በላይ ይፈጃል። ይህ ሊያስደነግጣችሁ አይገባም። ሶሐቦቹም፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ አልቸኮሉም። አቡ ዐብዱራሕማን አስ-ሱለሚይ ቁርአን ያስተማሯቸው ሶሐቦች ዐሥር አንቀጽ ተምረው፣ ዕውቀቱንና ሥራውን ሳይዙ ወደሚቀጥለው እንደማያልፉ ነግረውናል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሱረቱል በቀራ ላይ ስምንት ዓመት እንደቆዩ ኢማሙ ማሊክ ሙወጠእ በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ አስፍረዋል። ስምንት ዓመት! ያውም ዐረብኛ የእናታቸው ቋንቋ ሆኖ። እኛ ግን በ29 ቀን ለመጨረስ የሩጫ ውድድር የያዝን እንመስላለን። አትቅሩ፣ አታክትሙ እያልኩ እንዳልሆነ ይግባችሁ። ለመቅራት ቅሩ። ከአምስቱ ሰላት በኋላ አራት አራት ገጽ የሚቀራ ሰው በቀን አንድ ጁዝእ ይወጣለታል። ከዚያ ጎን ግን ቀስ የምትሉበት አንድ ሱራ ይኑራችሁ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሱራ ከህፍ ይሁን። ለኔ ሲባል አይደለም። 110 አንቀጾች ናቸው። በሳምንት ዐሥር ብትሉ 11 ሳምንት። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ገደማ ነው፤ የተረፈው ለሚድና ለፋይናል። ደግሞ ስለናንተ ነው የሚያወራው። 13ኛው አንቀጽ የዋሻውን ሰዎች ሲጠራ «ፊትያ» ይላቸዋል፤ ወጣቶች። የመጀመሪያውን ሳምንት ዐሥር አንቀጽ ስትጨርሱ አንድ ዱዓ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከቤት ለወጣና ነገው ለማይታወቅ ልጅ የተሠራ ዱዓ ነው፤ ጌታችን ሆይ፣ ካንተ ዘንድ እዝነትን ስጠን፣ ከነገራችንም ቅኑን መንገድ አመቻችልን ይላል። ጂሲዎች (ተመራቂዎች)፣ ሥራ ፍለጋ ስትወጡ ትፈልጉታላችሁ።

ከዚያ ከ300 ዓመት በላይ ተኝተው ይነቃሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ቆየን?» ነው። «አንድ ቀን ወይም የቀን ከፊል» ይባባላሉ። ሁለተኛው ነገር ምግብ ነው! አንዱን ብር አስይዘው ወደ ከተማ ይልኩታል። ግን እንዲያው የተገኘውን አይደለም፤ ንጹሕ የሆነውን አይቶ እንዲያመጣ ነው የሚሉት። ተርበውም፣ ተደብቀውም ሐላሉን ይመርጣሉ። ደግሞ «ወልየተለጠፍ» ይሉታል፤ ቀስ ብሎ፣ በዘዴ፣ በለዘብታ ይሂድ። በአንዳንድ ሙስሐፍ ይህች ቃል በቀይ ታትማለች፤ የቁርአን ፊደላት እኩሌታ እሷ ላይ ናት ስለሚባል። የካፌ ሰልፍ ላይ የሚጋፋ ሰው ይህችን ቃል ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ወደ ፊት ስትሄዱ በሀብቱ የኮራውን የሁለት አትክልቶች ባለቤት ታገኛላችሁ። ከዚያ የሙሳና የመምህሩ የኸድር ነገር አለ። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ታሪክ አላውቅም። ሙሳ ነቢይ ሆኖ ሳለ ዕውቀት ፍለጋ ይጓዛል። መምህሩን «እንድታስተምረኝ ልከተልህ?» ብሎ በአደብ ይጠይቃል። መምህሩ ደግሞ «ከኔ ጋር መታገሥ አትችልም» ይለዋል። ዶክተሩ «ይህን ኮርስ አታልፉም» ብሎ ሲጀምር የሚሰማችሁን ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ ኸድር ምክንያቱን ቀጥሎ መናገሩ ነው፤ በዕውቀት ያላዳረስከውን ነገር እንዴት ትታገሣለህ?

ሱራው ከተፍሲር ታሪክም ጋር የተያያዘ ነገር አለው። አገራችን ውስጥ በየመስጂዱ የሚቀራው ተፍሲር ጀላለይን ነው። ሁለቱ ጀላሎች ማለት ነው። ጀላሉዲን አል-መሐሊ ከሱረቱል ከህፍ ጀምረው እስከ ቁርአኑ መጨረሻ ጻፉና ፋቲሓን ጨምረው ሞቱ። ከበቀራ እስከ ኢስራ ያለውን ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ሞሉት። በ40 ቀን። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ሱዩጢ ከሆኑ አይቀር እንደዚህ ነው እንግዲህ። እኛ በ40 ቀን አንድ አሳይመንት አናስረክብም።

ለሐልቃው፣ አብራችሁ ለምትማሩበት ክበብ፣ ሦስት አራት ሰው ይበቃል። አንዱ አሳምሮ የሚቀራ ይሁን። አንዱ ትንሽ ዐረብኛ የነካ ቢሆን ጥሩ ነው። የአማርኛው ትርጉም ይኑራችሁ፤ ሸይኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት፣ በ1961 ዓ.ም. የታተመው። አማርኛው አንዳንድ ቦታ ይከብዳል፤ እሱም ይጠቅማችኋል። ትርጉም የመልእክቱ ማስረጃ እንጂ ቁርአኑን እንደማይተካ አትርሱ፤ በሰላት ላይ አይቀራም። መጀመሪያ አንቀጹን ቅሩ፣ ከዚያ ትርጉሙን አንብቡ፣ ከዚያ እያንዳንዳችሁ አንድ ጥያቄ ጻፉ። መልስ አይደለም፤ ጥያቄ። ጥያቄዎቹን በወር አንድ ጊዜ ለሚያውቅ ኡስታዝ ውሰዱ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ማስተንተን አንድ ነገር ነው፤ ፈትዋ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ ግማሽ አንቀጽ በትርጉም አንብቦ ሌላውን ከዲን የሚያስወጣ ልጅ ግቢ ውስጥ አይጠፋም። ይህ ምሁርነት አይደለም። ሱረቱ ዐበሰ ውስጥ «ወፋኪሀተን ወአባ» ይላል። አቡበክር (ረ.ዐ) ስለዚህች «አባ» ስለምትል ቃል ተጠይቀው «በአላህ መጽሐፍ ላይ የማላውቀውን ብናገር የትኛው ምድር ይሸከመኛል? የትኛው ሰማይ ያጠላልኛል?» ማለታቸው ተዘግቧል። ስለ ሣር መኖ ነው የተጠየቁት። እኛ ስለ ሰው ደም ስንጠየቅ ወዲያው እንመልሳለን።

መቅራት የማትችሉ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እጃችሁን አውጡ አልልም። አራተኛ ዓመት ላይ ሆኖ ከሕፃናት ጋር «አሊፍ፣ ባ፣ ታ» ማለት እንደሚያሳፍር ይገባኛል። ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እየከበደው፣ እየተንተባተበ የሚቀራ ሁለት ምንዳ አለው ብለዋል። ሦስት ቋንቋ የምትጽፍ ሴት፣ ኮድ የምትጽፍ ልጅ 28 ፊደል አያቅታትም። ዶርማችሁ ውስጥ ደግሞ ከገጠር የመጣ፣ ቁርአኑን አሳምሮ የቀራ፣ ግን ፕሮግራሚንግ የጠፋበት ልጅ አለ። ተለዋወጡ። እሱ ፊደሉን ያሳያችሁ፣ እናንተ ኮዱን አሳዩት።

ንግግሬን እዚህ ጨርሼ ጥያቄ ተጠየቅኩ። የተወሰኑትን ልጻፍ።

አንዱ ልጅ ስልክ ላይ መቅራት ይቻላል ወይ አለኝ። ይቻላል አልኩት። ግን የአውሮፕላን ምልክቷን ንካት። አላህ እያነጋገረህ «ወዴት ነህ?» የሚል ሜሴጅ ከላይ ሲመጣ አይንህ የት እንደሚሄድ ራስህ ታውቃለህ።

ሌላው ፋይናል ሲደርስስ አለ። ሱረቱል ሙዘሚል መጨረሻው አንቀጽ ላይ አላህ የታመመውን፣ ለንግድ የሚጓዘውን፣ የሚዋጋውን ቆጥሮ «ከእሱ የተገራላችሁን አንብቡ» ይላል አልኩት። ፋይናል ያለበት ሰው ጦርነት ላይ ካለ ሰው አይብስም። አንድ አንቀጽ ይበቃል። ብቻ አይቋረጥ።

የመጨረሻዋ ከኋላ የተቀመጠች ፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ነበረች። ስልኳ ላይ ከህፍን ከፍታለች፤ እኔ ሳወራ ስታነብ ነበር ማለት ነው። «ኡስታዝ» አለችኝ። ኡስታዝ አይደለሁም ብዬ ላርማት ስል ቀጠለች። «22ኛው አንቀጽ ላይ ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ ይከራከራሉ። ሦስት ናቸው፣ አራተኛው ውሻቸው ነው ይላሉ። አምስት ናቸው፣ ስድስተኛው ውሻቸው ነው ይላሉ። ሰባት ናቸው፣ ስምንተኛው ውሻቸው ነው ይላሉ። በሰዎቹ ቁጥር ላይ ተጣሉ፤ ውሻውን ግን ማንም አልረሳውም። ለምንድን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ከ500 ጊዜ በላይ ቀርቼዋለሁ፣ ለስድስት ዓመት ከአንድ ሸይኽ ዘንድ ተፍሲር ተቀምጬ ሰምቻለሁ፣ ይህን ግን አላየሁትም ነበር። እንደማላውቅ ነገርኳት። ጥያቄዋን እጄ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ማታ መኪና ውስጥ ሆኜ አንቀጹን ደጋግሜ ቆጠርኩ። ልክ ናት። ሦስቱም ላይ አለ።